የተንጋደደ እንግሊዝኛ እንዴት ይቃናል?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ደብዳቤ ላከልኝ። «እስቲ እንግሊዝኛዋን አየት አድርጋት» ብሎ። የሥራ ማመልከቻ ናት። ሰኞ ጠዋት ነው የሚያስገባት። እንዲህ ያለ ነገር በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል። የጎረቤት ልጅ የስኮላርሺፕ ጽሑፍ፣ የጓደኛ ኢሜይል፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለአከራዩ የሚጽፈው አቤቱታ። ቀስ በቀስ የራሴን አካሄድ አበጀሁ። ዛሬ እሱን ላካፍላችሁ።

ደብዳቤዋ ይቻትላችሁ። ልጁ ፈቅዶልኛል፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጠራ» ነው ያለኝ። እንግሊዝኛውን ሆን ብዬ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ዓይን ስፔሊንግ ላይ ከሚያፈጥ ጆሮ ቢፈርድ ይሻላል።

«አይ አም ግራጁዌትድ ባይ አካውንቲንግ ኢን ጁን 2008 ኤንድ አይ ዋዝ ወርክ ኢን ፕራይቬት ካምፓኒ ሲንስ ስሪ ይር ኤንድ አይ ሃቭ ጉድ ኤክስፒሪየንስ ኤንድ ኦልዞ ዘ ወርክ ዋዝ ሄቪ በት ማይ ማናጀር ዘይ ዌር ቱ ሃፒ ባይ ማይ ወርክ። ኢፍ ኢት ኢዝ ኮምፈርተብል ፎር ዩ አይ ካን ካም ኤት 3 ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ ቱ ዲስከስ አባውት ዘ ጆብ።»

ስታነቡት ፈገግ ብላችሁ ይሆናል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ምን ለማለት እንደፈለገ ሁላችሁም ገብቷችኋል። ለምን? ከሥሩ ያለው ጥርት ያለ አማርኛ ስለሆነ ነው። «በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ በግል ድርጅት ለሦስት ዓመት እሠራ ነበር፤ ሥራው ከባድ ቢሆንም ሥራ አስኪያጄ በሥራዬ በጣም ደስተኛ ነበሩ።» ምን ጎደለው? ምንም። ስለዚህ የኛን ሰው እንግሊዝኛ ስታቃኑ መጀመሪያ የምትፈልጉት ስህተቱን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን አማርኛ ነው። እሱ ከተገኘ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል።

መጀመሪያ፦ እስክሪብቶ ሳታነሱ አንብቡ፣ ከዚያ ደውሉ

ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቡ። ምንም አታርሙ። እጃችሁ ቢበላችሁም ታገሡ። ከዚያ ያልገባችሁን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉና ጸሐፊውን በአማርኛ ጠይቁት።

እኔ ሦስት ነገር ጠየቅሁት። «አሁንም እዚያ ነው የምትሠራው ወይስ ለቀሃል?» ለቋል። «ጥሩ ልምድ አለኝ ስትል ምን ምን ትሠራ ነበር?» የ40 ሠራተኞችን ፔሮል በየወሩ ያዘጋጅ ነበር፤ የባንክ ሂሳብ ማስታረቁም የሱ ነበር። «2008 ያልከው የኛ ነው የፈረንጅ?» የኛ ነው።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ባልጠይቀው ኖሮ ግን ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ነገሩ የተሳሳተ ደብዳቤ ይዞ ይሄድ ነበር። በተለይ ግሡን በግምት የሚያርም ሰው ለቆ የወጣውን ሰው አሁንም ተቀጣሪ ያደርገዋል።

ቀጥሎ፦ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡ

አማርኛ ሐረግ በሐረግ ላይ እየቀጠለ መሄድ ያውቅበታል። «ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ተቀጥሬ፣ ሦስት ዓመት ሠርቼ ለቀቅሁ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለው ግሥ ሁሉንም ጠቅልሎ ያስራል። እንግሊዝኛ ይህ ማሰሪያ የለውም። ስለዚህ የኛ ሰው በየመጋጠሚያው «ኤንድ» ይሰካል። ከላይ ያለውን ቁጠሩት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት «ኤንድ» አለ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ «ስለሆነም»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ» እየተባለ ግማሽ ገጽ ያለ ነጥብ ይኬዳል።

መላው ቀላል ነው። በየ«ኤንዱ» ላይ ቁሙና «እዚህ አራት ነጥብ ባደርግ ምን ይጎዳል?» በሉ። ካልጎዳ ቁረጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ይናገር። የልጁ ደብዳቤ በዚህ ብቻ ከሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ አምስት ወጣች፤ ገና አንድ ቃል ሳልቀይር መተንፈስ ጀመረች።

እግረ መንገዳችሁን «ኦልዞ» እና «በት» አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱን አውጡ። እኛ «ምንም እንኳ ሥራው ከባድ ቢሆንም፣ ግን...» ማለት እንችላለን። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል።

ግሡ ላይ ጊዜ ስጡ

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይኼ ነው። አማርኛ «ሠርቻለሁ» ሲል ሁለት የእንግሊዝኛ ጊዜ በአንድ ቃል ይሸፍናል። «በ2008 እዚያ ሠርቻለሁ» እና «እዚህ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁንም አለሁ» ለኛ አንድ ግሥ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ወርክድ» ብቻ ነው፤ ሁለተኛው «ሃቭ ወርክድ» ነው። መለያው ይኼ ነው፦ ጊዜው ተዘግቷል ወይስ እስከ ዛሬ ክፍት ነው? የተዘጋ ዓመት ወይም ቀን አጠገቡ ካለ «ሃቭ»ን አውጡ። እስከ አሁን የሚደርስ ከሆነ አስገቡ።

«አይ ዋዝ ወርክ» ደግሞ በቀጥታ ከ«እሠራ ነበር» የመጣ ነው። «ነበር»ን «ዋዝ» ብሎ ተረጎመና አጠገቡ ግሡን አስቀመጠ። በጣም የተለመደ ነው፤ በአስር ጽሑፍ ውስጥ ስድስቱ ላይ ባገኘው አይገርመኝም። «ዋዝ» ካለ በኋላ ግሡ ወይ «ወርኪንግ» ይሁን፣ ወይ «ዋዝ» ራሱ ይውጣና «ወርክድ» ይሁን። የልጁ ሥራ ያለቀ የሦስት ዓመት ነገር ስለሆነ «አይ ወርክድ» በቂ ነው። «አይ አም ግራጁዌትድ»ም እንዲሁ፤ «ተመርቄአለሁ» ውስጥ ያለችውን «አለሁ» ነው «አም» ያደረጋት። «አይ ግራጁዌትድ» በሉትና እለፉ።

«ሲንስ» እና «ፎር»ን እዚሁ ጨርሷቸው። «ሲንስ» መነሻ ነጥብ ይፈልጋል፤ ሲንስ ሰኞ፣ ሲንስ 2016። «ፎር» ርዝመት ይፈልጋል፤ ፎር ስሪ ይርስ። «ሲንስ ስሪ ይርስ» ካያችሁ ሳታስቡ ቀይሩት። ሌላው «እስካሁን አልመጣም» ነው። «አንቲል ናው ሂ ዲድንት ካም» ይሆናል። ትክክሉ «ሂ ሃዝንት ካም የት» ነው።

«ዘይ» የምትለዋ የአክብሮት ጉዳይ ናት። «ሥራ አስኪያጄ ደስተኛ ነበሩ» ስንል አንቱታው ግሡ ላይ ብዙ ቁጥር ያመጣል። ልጁ ጨዋ ስለሆነ አለቃውን «ዘይ» አላቸው። እንግሊዝኛ አንቱ አያውቅም። አንድ ሰው አንድ ነው፤ «ማይ ማናጀር ዋዝ»። የሚገርመው፣ አባቴ፣ እናቴ፣ መምህሬ የሚሉ ሰዎች ጽሑፍ ላይ ይህ ስህተት ሁልጊዜ ይገኛል፤ ጓደኛዬ የሚሉት ላይ ግን አይገኝም።

«በ» የምትባለው ፊደል

በአማርኛ «በ» ሁሉን ቻይ ናት። በእንግሊዝኛ አምስት ስድስት ቦታ ትበተናለች። በአውቶቡስ ሲሆን «ባይ» ናት። በእስክሪብቶ ሲሆን «ዊዝ»። በሰኞ ዕለት «ኦን»። በጥር ወር «ኢን»። በሦስት ሰዓት «ኤት»። ትምህርት ቤት «በ» ማለት «ባይ» ነው ተብለን ስላደግን ሁሉንም «ባይ» እናደርገዋለን። «ባይ አካውንቲንግ»፣ «ባይ ማይ ወርክ»፣ «ባይ ኢንግሊሽ ላንጉጅ»።

እዚህ ላይ ሕግ መሸምደድ አያዋጣም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የተማሪዎች መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ፤ የኦክስፎርድ የለርነርስ መዝገበ ቃላት በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። ቃሉን ስፈልገው ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚሄድ በምሳሌ ያሳየኛል። «ሃፒ» ብዬ ስፈልግ «ሃፒ ዊዝ»፣ «ሃፒ አባውት» ይላል። ሰው በሥራችሁ ሲረካ «ዊዝ» ነው። አለቀ። ካላመንኩ ሐረጉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ ጉግል ላይ እፈልጋለሁ። ቁጥሩን አላምነውም፤ እነማን እንደጻፉት ነው የማየው። የታወቁ ጋዜጦችና ዩኒቨርሲቲዎች ከሆኑ ደህና ነው።

መስተዋድድ ጨርሶ የማያስፈልጋቸውም አሉ። «ስለ ሥራው እንወያይ» ብለን ስለምናስብ «ዲስከስ አባውት» እንላለን። «ዲስከስ» ብቻውን ይበቃዋል። «ወደ ቤት ሄድኩ» «ጎ ቱ ሆም» አይሆንም፤ «ጎ ሆም» ነው። በተቃራኒው «አስረዳኝ» ውስጥ ያለችው «ኝ» ብቻዋን ስለቆመች «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን፤ እዚያ ግን «ቱ» ትፈለጋለች፣ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ»። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ደግሞ «ሜሪድ ዊዝ» አይደለም፤ «ሜሪድ ቱ» ነው። የቪዛና የቤተሰብ ማመልከቻ ላይ ይቺ አትጠፋም።

«ኤ» እና «ዘ»፣ ብዙና ነጠላ

ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። ግን አማርኛችን ግማሹን መንገድ ይወስደናል። ስሙን በአማርኛ በሉት። መጨረሻው ላይ «ኡ»፣ «ው» ወይም «ዋ» ከመጣ፣ «ድርጅቱ»፣ «ሥራው»፣ «መኪናዋ» ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» ትገባለች። ካልመጣና የሚቆጠር አንድ ነገር ከሆነ «ኤ» ናት፤ «በግል ድርጅት» ስንል የትኛው እንደሆነ አልተናገርንም፣ ስለዚህ «ኤ ፕራይቬት ካምፓኒ»። የማይቆጠር ወይም አጠቃላይ ነገር ከሆነ ምንም የለም። «ኑሮ ከባድ ነው» ስንል «ኑሮው» አላልንም፤ ስለዚህ «ላይፍ ኢዝ ሃርድ» እንጂ «ዘ ላይፍ» አይደለም። ፀሐይን የመሰሉ አንዳንድ ቃላት ከዚህ ያፈነግጣሉ፤ ለእንጀራ ያህል ግን ይህ ሕግ ይበቃል።

«ስሪ ይር» የመጣው «ሦስት ዓመት» ከማለታችን ነው። እኛ ቁጥር ካለ «ዓመታት» ማለት ግዴታችን አይደለም፤ እንግሊዝኛ ግን ቁጥር ቢኖርም «ኤስ»ን አይተዋትም። በሌላ በኩል «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኢኩፕመንት»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር» ላይ «ኤስ» አይጨመርም። መረጃዎች፣ ዕቃዎች፣ ምክሮች ስለምንል እጃችን ይሄዳል። ስትጠራጠሩ መዝገበ ቃላቱን እዩ፤ ከቃሉ አጠገብ «ሲ» ወይም «ካውንተብል» ካለ ይቆጠራል፣ «ዩ» ወይም «አንካውንተብል» ካለ አይቆጠርም።

ሁለት ጌታ ያላቸው ቃላት

አንዳንድ የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ለሁለት ይከፈላል። ጸሐፊው አንዱን ያነሳል፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን። «ከባድ» ለሻንጣም ለፈተናም አንድ ነው። «ሄቪ» ግን ለሻንጣ እንጂ ለሥራ ብዙም አይመችም። «ዲማንዲንግ» ወይም «ሃርድ» ይሻላል። «ቀላል»ም እንዲሁ፤ ሻንጣ «ላይት» እንጂ «ኢዚ» አይባልም። «ይማራል» ዩኒቨርሲቲ ከሆነ «ስተዲስ» ነው፣ «ለርንስ» አይደለም። «ከተመቸዎት» የምንለው ሶፋ አይደለም፤ ጊዜ ነው። ለሶፋ «ኮምፈርተብል»፣ ለቀጠሮ «ኮንቪኒየንት»።

«ቱ ሃፒ» ላይ ትንሽ ልቁም። «በጣም»ን በ«ቱ» መተካት፣ ድርብ «ኦ» ባላት ማለቴ ነው፣ የኛ ሰው ፊርማ ሆኗል። እሷ ግን «ከልክ ያለፈ» ማለት ናት። አለቃው ከልክ በላይ ደስ ብሏቸው ነበር ማለቱ አይደለም። «ቬሪ» አድርጉት።

ቀንና ሰዓቱ

ይህን ሰዋስው አስተካክሎ የሚያልፍ ሰው ያልፈዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። ልጁ ሰኔን «ጁን» ብሎ ተረጎመ፤ ዓመቱን ግን እንዳለ ተወው። ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለት ጁን 27 ቀን 2016 ነው። ፈረንጁ ቀጣሪ ሲያነብ ልጁ በ2008 ተመርቆ፣ ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ከዚያ ለብዙ ዓመት የት እንደጠፋ ይገርመዋል።

ሂሳቡ ይህ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ደምሩ። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ደምሩ። ጃንዋሪ 1 በኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ትውላለች፤ የታኅሣሥ ቀን ካጋጠማችሁ ስልክ ላይ ካለ መቀየሪያ ጋር አመሳክሩ። አገር ቤት «ጂ.ሲ.» ብለን የምንጽፈውንም ወደ ውጭ ለሚሄድ ጽሑፍ አውጡት። እዚያ ማንም አያውቀውም።

ሰዓቱም እንደዚሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ያለው 9 ኤ.ኤም. ነው። እስከ 6 ላለው ሰዓት 6 ደምሩ፤ ከ7 ጀምሮ 6 ቀንሱ። የሌሊት ሰዓት ከሆነ ቀኑም ሊቀየር ይችላል። «ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት» ያለ ሰው በእንግሊዝኛው እሑድ 1 ኤ.ኤም. ማለቱ ሊሆን ይችላልና ጠይቁት። የአውሮፕላን ትኬት ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ጽሑፉ ለቪዛ ወይም ለጥገኝነት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከቋንቋው በስተቀር አንድም ነገር አትንኩ። ቀን ከሌላ ወረቀት ጋር ካልገጠመ ለባለቤቱ ንገሩት እንጂ በራሳችሁ አታስተካክሉ። «ይህ ቢጨመር ያምራል» የሚባል ነገር እዚያ የለም።

የቀረው ጥቃቅን

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል ወይ እንረሳዋለን፣ ወይ ለክብር ብለን እንበትነዋለን። የሰው ስም፣ የአገር፣ የቋንቋ፣ የወርና የሳምንት ቀን በትልቅ ይጀምራል፤ «እኔ» የምትለዋ «አይ»ም ሁልጊዜ ትልቅ ናት። «ማናጀር» እንዲያው ስለተከበረ ብቻ በትልቅ አይጻፍም። ከኮማና ከነጥብ በፊት ባዶ ቦታ የለም፤ ከኋላቸው አንድ አለ። ዎርድ ላይ ቋንቋውን የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ብላችሁ ምረጡና አንዱን ያዙ።

ቻትጂፒቲስ? እጠቀማለሁ፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ ያመለጠኝን ፍለጋ። ደብዳቤውን እንዳለ ብትሰጡት ወጣቱን ልጅ የሃምሳ ዓመት ጠበቃ አድርጎ ይመልሰዋል። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚቀመጠው ልጁ ነው። የማይናገረውን ቃል አፉ ውስጥ አትክተቱበት።

አሁን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። የዎርድ ሪድ አላውድም ያነብላችኋል። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ገና አንድ መቁረጥ ቀርቷል። የኛዋ ደብዳቤ እንዲህ ሆነች፦

«አይ ግራጁዌትድ ኢን ጁን 2016 ዊዝ ኤ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ። አይ ዘን ወርክድ ፎር ኤ ፕራይቬት ካምፓኒ ፎር ስሪ ይርስ። አይ ፕሪፔርድ ዘ መንዝሊ ፔሮል ፎር 40 ኢምፕሎይስ ኤንድ ዲድ ዘ ባንክ ሪኮንሲሌሽን። ዘ ወርክ ዋዝ ዲማንዲንግ፣ በት ማይ ማናጀር ዋዝ ቬሪ ሃፒ ዊዝ ኢት። ኢፍ ኢት ኢዝ ኮንቪኒየንት ፎር ዩ፣ አይ ካን ካም ኤት 9 ኤ.ኤም. ቱ ዲስከስ ዘ ጆብ።»

«ጉድ ኤክስፒሪየንስ» የሚለው እንደጠፋ አያችሁ? ፔሮሉና የባንክ ሂሳቡ ቦታውን ወሰዱ። ሌላው ሁሉ የልጁ ነው።

ስትመልሱለት የተስተካከለውን ብቻ አትላኩ። በዎርድ ትራክ ቼንጅስ አብሩና ምን እንደቀየራችሁ ይይ። ከሁሉም ሁለት ሦስቱን ብቻ መርጣችሁ በድምፅ መልእክት አስረዱት፤ ሃያ ስህተት በአንዴ የተነገረው ሰው አንዱንም አይዝም። እኔ «ሲንስ»ን፣ ዓመቱንና «ቱ»ን ነገርኩት።

ሰኞ በ4 ሰዓት ገደማ መልእክቱ መጣ። ደብዳቤዋ ገብታለች። ከሥር በእንግሊዝኛ ምስጋና አለ፦ «ታንክ ዩ፣ አይ አም ቱ ሃፒ!»

ልብ ምልክት ላኩለትና ዝም አልኩ።